መርከቧን ማምጣትስ ቀላል ነበር

«ግሬት ብሪቴን» የተባለችው የብረት መርከብ በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ተሠርታ ውኃ ላይ የተንሳፈፈችው በ1843 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ርዝመቷ 98 ሜትር ነው። ብዙ ሺህ ስደተኞችን አውስትራሊያ አድርሳለች። በ1882 የእንፋሎት ሞተሯ ወጥቶ በሸራ ብቻ የምትሄድ የድንጋይ ከሰል ጫኝ ሆነች። በ1886 ማዕበል ጎድቷት ፎክላንድ ደሴቶች ደረሰች፤ እዚያው መጋዘን ተደረገች። በ1937 ባሕር ዳር ተጣለች።

በ1970 ግን ከተጣለችበት አነሷት። ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ተጭና፣ አትላንቲክን አቋርጣ፣ ወደተሠራችበት ድራይ ዶክ ተመለሰች። ድራይ ዶክ እንደ ሞጆ ያለ ደረቅ ወደብ አይደለም፤ መርከብ ከገባች በኋላ በሩ ተዘግቶ ውኃው የሚመጠጥበት ትልቅ ገንዳ ነው። ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት። ሥራው ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። ብረቱ ውስጥ የሰረገው የባሕር ጨው ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተገናኘ መርከቧን መብላቱን ቀጠለ። ከባሕር የተረፈችው መርከብ በየብስ ላይ ልታልቅ ሆነ። የተበላውን ብረት ሁሉ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ ያኔ ግን የምትቆመው ሌላ መርከብ ናት። ስለዚህ በ2005 በመርከቧ ዙሪያ፣ ውኃው ይደርስበት በነበረው ልክ፣ መስታወት ተዘረጋ። ከመስታወቱ ሥር ያለው አየር በማሽን እየደረቀ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ የበረሃ አየር ማለት ነው። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ዝገቱ ይመለሳል።

በ1878 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራችው የብረት ሸራ መርከብ «ፎልስ ኦፍ ክላይድ» ይህ ዕድል አልገጠማትም። ሆኖሉሉ ወደብ ላይ ለዓመታት ስትበሰብስ ኖረች። ወደ ስኮትላንድ ሊመልሷት የተነሱ ወዳጆች ነበሯት፤ አልተሳካም። በ2025 ጥልቅ ባሕር ላይ ተጎትታ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገ።

«ለአሮጌ ብረት ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ያጡት ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂዎቹ ሳይሆኑ ቅርስ ወዳዶቹ ናቸው። ለመመለሻው ቀን ገንዘብ ማዋጣት ይቀላል፤ ባንዲራ አለ፣ ካሜራ አለ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ግን የሚሰለፍ የለም። ቅርስ የሚድነው ወይም የሚጠፋው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።