የመታጠቢያ ቤታችን በር ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታለች፤ እኔ ሳሎን ላፕቶፕ ፊት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወለሉን ሲመታ። ሮጬ ሄጄ በሩን ስገፋው አልከፈት አለኝ። አልቆለፈችውም። ከበሩ ጀርባ ስለወደቀች በሩን የያዘው የራሷ ሰውነት ነበር።

«ቀስ ልጄ፣ እግሬን ነው የምትገፋው» አለችኝ።

ክፍሉ ወርዱ 1 ሜትር ከ30፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። እዚያ ውስጥ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወርና ሰማያዊ የውሃ በርሜል ታጭቀዋል። ሰው ሲወድቅ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም በሩ የሚዞርበት ቦታ ነው። በርሜሉን ይዛ ራሷን ወደ ኋላ እስክትጎትት ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል በአንድ ጣት ክፍተት ስናወራ ቆየን። የምንናገረውን አላስታውስም። ወጡን ከእሳት ላይ አውርድ ማለቷን ግን አስታውሳለሁ።

አጥንቷ አልተሰበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእጇ አንጓ አብጦ ሰነበተ እንጂ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ እሑድ እሑድ ካልመጣች በቀር ገላዋን አልታጠብ አለች። ሦስት ልጅ አጥባ ያሳደገች፣ 67 ዓመቷ የሆነ ሴት ለመታጠብ እሑድን መጠበቅ ጀመረች። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላወራንም። እሷም አላማረረችም፤ የባሰብኝ እሱ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ከተማ ልማት ስጽፍ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ስለ ሦስት ካሬ ሜትር ልጽፍ ነው። ታገሡኝ፤ ምንዛሪውም የኑሮ ውድነቱም እዚያው ውስጥ አሉ።

ቤቱ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ዕጣው ሲወጣላት ቤቱ እንደማንኛውም የዚያ ዘመን ኮንዶሚኒየም ግማሽ እርቃኑን ነበር፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ማጠናቀቁ የባለ ዕድሉ ፋንታ ነው። እሷም ዕቁብ ጥላ፣ ዕቁቡ ሲደርሳት መጀመሪያ ያሠራችው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ሮዝ ሴራሚክ፣ መሃል ላይ የአበባ መስመር ያለው። ያኔ ፋሽን ነበር። እንግዳ ሲመጣ እጁን ባይቆሽሽም «ታጠብ እንጂ» ትል ነበር፤ እንዲያየው ነው።

ስለዚህ ለማደስ ስወስን የነበረኝ ችግር ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ያንን ሮዝ ሴራሚክ ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል?

የያዝኩት በጀት 60,000 ብር ነው። በግል የሚሠራ ጋዜጠኛ ደመወዝ የለውም፤ የሁለት ወር የትርጉም ሥራና አንድ ዘግይቶ የገባ ክፍያ ተደምሮ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት የፊኒሺንግ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሜትር እንኳን ሳያወጣ፣ «ሙሉ በሙሉ ፈርሶ፣ ዕቃውንም ጨምሮ 185,000» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ያኔ ስለዚህ ሦስት ረጃጅም ጽሑፍ ጽፌያለሁ። አሁን የሚገርመኝ አንዱም ላይ ቧንቧ የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። የቧንቧው መገጣጠሚያ፣ መክፈቻው፣ ሲልከኑ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ ሁሉም በዶላር የገባ ነው። በአገር ውስጥ የተመረተ ሴራሚክም አለ፤ ዋጋው ግን የውጭ ወንድሙን ተከትሎ ወጥቷል።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ገና ምንም ሳይፈርስ፣ ዋጋ ሳይጨምር ልቅደም ብዬ፣ አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ በ13,000 ብር ገዝቼ በላዳ ጭኜ መጣሁ። የወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ከግድግዳው ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ መለካት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። የእኛ ቀዳዳ ለግድግዳው የቀረበ ነው፤ የገዛሁት መቀመጫ ደግሞ የራቀ ቀዳዳ ይፈልጋል። ልክ ይሁን ከተባለ መቀመጫው ስምንት ሴንቲ ወደፊት ይወጣል። በዚያች ክፍል ስምንት ሴንቲ ማለት ጉልበት ማለት ነው። ሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ቴሌግራም ላይ ለጥፌ በ10,500 ሸጥኩት። ነባሩ መቀመጫ በአሲድ ታጥቦ፣ የውስጥ ዕቃው ብቻ ተቀይሮ፣ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ምንም አልጎደለውም ነበር።

ሥራውን የያዙልኝ በዕድሜ የገፉ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ስልካቸውን የሰጠኝ የሰፈሩ ጥበቃ ነው። ገብተው ወለሉ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ደፉና ዝም ብለው ቆሙ። ውሃው ወደ ፍሳሹ ሳይሆን ወደ በሩ ሄደ።

«እናትህን የጣላት ይሄ ነው» አሉኝ። «ውሃው መሄጃ አጥቶ እግሯ ሥር ይተኛል፤ ሳሙናው ይጨመርበታል። ሴራሚኩ ደግሞ መስታወት ነው።»

«ግድግዳውስ ጋሼ?»

«ግድግዳ ሰው ይጥላል እንዴ?»

ይህች ዓረፍተ ነገር 100,000 ብር ያህል አዳነችኝ። ወለሉና ከወለሉ በላይ 60 ሴንቲ ድረስ ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ ከዚያ በላይ ሮዙ ከነአበባው ይቆያል። እንደ ፎቶ ካያችሁት አያምርም። ከታች ግራጫ ሸካራ ሴራሚክ፣ ከላይ ሮዝ። ሁለት ዘመን በአንድ ግድግዳ። እናቴ ግን አበባው እንደማይነካ ስትሰማ ነው ሥራው እንዲጀመር የፈቀደችው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልምጣ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እናት ከእናቴ ጋር ለዓመታት ቡና ተጠራርተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የመታጠቢያ ቤታቸው ኮርኒስ ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። መጥተው ነገሩን። እኛም አየን፣ የእኛ ወለል ደረቅ ነው፣ «ከጋራው ቧንቧ ይሆናል፣ ለማኅበሩ ያመልክቱ» አልናቸው። ማኅበሩ ሰው ልኮ አየና ከላይ ነው አለ። እኛ ከማኅበሩ ነው አልን። ሁለተኛ ጊዜ መጡ። ሦስተኛ ጊዜ አልመጡም። ቡናውም ቀረ፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋሉ» ብቻ ሆነ።

ወለሉ በሁለተኛው ቀን ሲፈርስ ከሴራሚኩ ሥር የወጣው ጥቁር ጭቃ ነው። የፍሳሹ መገጣጠሚያ ተሰንጥቋል፤ ስንታጠብ ከሚወርደው ውሃ የተወሰነው በየቀኑ ከሴራሚኩ ሥር እየተኛ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ነበር። የብረቱ ቧንቧ ክርንም በእጅ ሲነካ እንደ ብስኩት ተፈረከሰ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝና ወደ ታች ወረድኩ።

«እማማ፣ የኛ ነው» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉ የኛ ነበር።»

በሩን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እናትህ እጇ ተሻላት?» አሉኝ። መውደቋን ሰምተው ነበር። መምጣት ግን አልቻሉም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ገንዘብ ካጠራችሁ የምታሳጥሩት ብዙ ነገር አለ። አንዱን ግን አታሳጥሩ። አዲሱ ቧንቧ ገብቶ፣ ወለሉ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ያህል ወደ ፍሳሹ ዘቅዝቆ ተለስኖ፣ ውሃ የማያስገባው ቅብ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆያል። የውሃው ከፍታ ምልክት ይደረግበታል። ከቀነሰ ይፈስሳል ማለት ነው፤ ካልቀነሰ ይነጠፋል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ይዘልላል፤ አንድ ቀን ያስፈታዋልና።

እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ያ ቀን ተራችን አልነበረም። ለሙከራው ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ቤታችን ያለው ለማብሰያና ለመጠጥ የተቀመጠ ሁለት ብቻ ነው። እናቴ ሁለቱንም «ድፋው» አለች። ሦስተኛውን ከታች አመጡት። እማማ ናቸው፤ በልጅ ልጃቸው አሸክመው ራሳቸው ከኋላ ደረጃውን በአንድ እጅ ይዘው ወጡ። በዚያ ሌሊት እኔ ከላይ በስልኬ መብራት የእርሳስ ምልክቱን እያየሁ፣ እሳቸው ከታች ኮርኒሱን እያዩ አደርን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ደረቅ ነው» ብለው ደወሉልኝ። በዚህ ሰዓት ለምን እንዳልተኙ መጠየቅ አልቻልኩም።

ጠዋት ምልክቱ እንዳለ ነበር። ውሃውንም አልደፋነውም፤ በጣሳ ቀድተን በባልዲ አጠራቅመን ለሽንት ቤት ተጠቀምንበት።

የቀረው የብረት ሥራ ነው። በየድረ ገጹ የምታዩት ጠባብ መታጠቢያ ቤት ማደሻ ምክር ሁሉ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ እንደሚመጣ አድርጎ ነው የሚነሳው። የእኛን ክፍል ያጠበበው ግን ዲዛይኑ አይደለም፤ በርሜሉ ነው። መስታወት ብትሰቅሉ፣ ነጭ ቀለም ብትቀቡ፣ በርሜሉ በርሜል ነው። ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀልም አይቻልም፤ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት። ብየዳ ሠራተኛው በረንዳው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የሚቆም አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ማቆሚያ ሠራና በርሜሉ ወጣ። ከሱ አንድ ቀጭን ቧንቧ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ ዝቅ ያለ መክፈቻ ላይ ያበቃል። ፓምፕ የለውም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ባልዲ ይሞላል። እናቴ በባልዲና በጣሳ ነው የምትታጠበው፤ ሻወሩ ራስ ላይ ውሃ እንዲወጣ መጠበቅ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ሻወሩን ትተን መቀመጫ ሠራንላት።

ለመያዣው ብረትም ብሎኬቱ ችግር ነበር። ተራ ፊሸር ባዶ ብሎኬት ውስጥ ለፎጣ መስቀያ እንጂ ለሰው ክብደት አይሆንም። ሲይዙት ተነቅሎ ከሰውየው ጋር ይወድቃል። ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ወጥቶ፣ በላሜራ ላይ ታሰረ። አሁን አልጋዬ ራስጌ ላይ አራት ብሎን አለ። ቀለም ልቀባው አስቤ ተውኩት።

በሩም ተነቅሎ ወደ ውጪ እንዲከፈት ተገለበጠ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

የእጅ መታጠቢያዋን ምናለሽ ተራ ነው ያገኘኋት፤ ጥግ ላይ የምትገጠም፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ጠርዟ በትንሹ የተሸረፈ። የነባሩ መታጠቢያ ግማሽ ያህል ናት። ከየትኛው የፈረሰ ቤት እንደመጣች ሻጩን ጠይቄው ሳቀብኝ። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ከፈረሰው ቤት የቱን ብሎ ያስታውስ? ስለ ኮሪደር ልማት የጻፍኩትን ታስታውሱ ይሆናል፤ የመንገድ ዳሮቹ አዳዲስ ሽንት ቤቶች ያምራሉ ብዬም ነበር። ያምራሉ። የእኔ ቤት መታጠቢያ ግን ከፈረሰው ነው የተሠራው።

ሒሳቡን ለምትፈልጉ፦ ሴራሚክ፣ ማጣበቂያና ሲሚንቶ 14,200፤ ቧንቧና መገጣጠሚያ 9,600፤ ቅቡ 5,800፤ የእጅ ዋጋ 21,000፤ በሩን፣ መያዣዎቹን፣ መቀመጫውንና የበርሜል ማቆሚያውን ጨምሮ ብየዳው 13,500፤ መታጠቢያዋ ከነመክፈቻዋ 3,300፤ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ተፍቆ ሲቀባ 4,000። ድምሩ 71,400። በሞኝነት በገዛሁት መቀመጫ የከሰርኩት 2,500 ሲጨመር 73,900። ከበጀቴ የዘለለውን እህቴ አበደረችኝ፤ በየእሑዱ ትራንስፖርት ካወጣው ይሻላል ብላ።

ሠራተኞቹ በወጡ ማግሥት እናቴ ፎጣዋን ይዛ ገባች። ረቡዕ ነበር። እኔ ሳሎን ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ውሃው ባልዲ ሲሞላ ይሰማል፤ ከዚያ ጣሳው፤ ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና ጣሳው። በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

«እዚያ ቆመህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ ከውስጥ። «ሂድና ቡና ቁላ። እማማን ጠርቻቸዋለሁ።»

ከወጣች በኋላ ወለሉን ለማየት ገባሁ። ውሃው ሁሉ ሄዷል። 2,800 ብር የከፈልኩበት፣ ብሎኑ መኝታ ክፍሌ ድረስ የዘለቀው መያዣ ብረት ላይ ግን ነጠላዋን አስጥታበታለች።