መጽሐፍ ወይስ የኢንተርኔት መመሪያ?

«የኮምፒዩተር ቋንቋ ለመማር መጽሐፍ መግዛት ዛሬ ምን ያደርጋል? ሁሉም በኢንተርኔት በነጻ ይገኝ የለምን?» ሲሉ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከቢሮ ሲወጣ ለትምህርት የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ብቻ የሆነች ወጣት ሠራተኛ፥ ያችን ሰዓት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲዘል ከጨረሳት፥ ከጥቂት ወራት በኋላ «ይህ ትምህርት ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የጎደለው የትምህርቱ ተራ እንጂ አእምሮ አይደለምና።

አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ነገር ግን ጀማሪ ምን ብሎ ይናገር? የኢንተርኔት መመሪያ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ዳሩ ግን የሚጠየቀውን ነገር ስሙን ማወቅ ያሻል። ጥሩ መጽሐፍ ግን ገና መጠየቅ ያልቻልነውን እርሱ ራሱ አንሥቶ ያስረዳናል። የኔታም ቢሆኑ ፊደል ላልቆጠረ ሕፃን ዳዊት አይሰጡም።

ለምሳሌ ብሪያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ የጻፉትን መጽሐፍ እንመልከት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ታትሞ፥ በ1988 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጣ። ሁለተኛው እትም 272 ገጽ ነው። በመጀመሪያ ተማሪው አንዲት አጭር ሰላምታ በስክሪኑ ላይ እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበትን ፖይንተር የተባለውን ትምህርት ግን እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ያቆየዋል። በየመካከሉም መልመጃ አለው። መልመጃውን ሳይሠራ ገጹን የሚገልጥ ሰው አነበበ እንጂ ተማረ አይባልም።

እርግጥ ነው፥ መጽሐፍ ያረጃል። በዚያው አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሦስተኛው ፓይተን ሲወጣ፥ ጽሑፍ የምታወጣው ፕሪንት የተባለችው ትእዛዝ ቅንፍ እንዲከተላት ግድ ሆነ። ስለዚህ ለሁለተኛው ፓይተን የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ትምህርት ኮምፒዩተሩ «ስሕተት ነው» ይለዋል። የኢንተርኔቱ መመሪያ ግን ከቋንቋው ጋራ አብሮ ይታደሳል። እንግዲያው አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት የታተመበትን ዓመት ይመልከት።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ጀማሪ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይምረጥና መልመጃውን እየሠራ እስከ መጨረሻው ይዝለቀው። የመግዣ ገንዘብ የሌለውም አይዘን፤ የፓይተን መመሪያ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈለ መማሪያ ስላለው፥ አንድ ጊዜ አውርዶ ኢንተርኔት በሌለበትም እንደ መጽሐፍ በተራ ሊያነበው ይችላል። ቁም ነገሩ ወረቀቱ ሳይሆን ተራው ነውና። የቀረውን ዝርዝር፥ ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ ባስፈለገው ቁጥር ከመመሪያው ይጠይቅ። መዝገበ ቃላት የሚጠቅመው አፉን ለፈታ ሰው ነው።