ስለ ዝቅተኛ አውቶሞቢልና ስለ ቤተ ዘመድ

ሰው አውቶሞቢል ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ዋጋው አብዝቶ ይጠይቃል። ከሆዱ እስከ መሬት ምን ያህል ክፍተት እንዳለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህም ክፍተት በትንንሾቹ የከተማ አውቶሞቢሎች ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ማለት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ሲሆን፣ ለገጠር መንገድ በተሠሩት ረጃጅሞች ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህች የጥቂት ጣት ልዩነት ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ መንገድ እየሄዱ አንዱ ሰማዩንና ሕንጻውን ሲያይ፣ ሁለተኛው ድንጋይና ጉድጓድ ሲቆጥር ይውላል።

ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል መጀመሪያ በመጣ ጊዜ፣ ይኸውም በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የአዲስ አበባ መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ እንጂ ለመንኰራኵር የተበጀ አልነበረም። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ራሷ መርጣ ታሳርፋለች፤ አውቶሞቢል ግን ይህ ዕውቀት ስለሌለው የነጂው ዓይን ስለ አራቱም ጎማ ማሰብ አለበት። ዛሬ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት ብዙዎቹ ዋና ጎዳናዎች ሰፍተው ተስተካክለዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን በአደባባይ የሚያድር ሰው የለም። ወደየሠፈራችን በታጠፍን ጊዜ ከመካከሉ ያበጠ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከመንገዱ በላይ ብቅ ያለ የማንሆል ክዳን፣ የጎረቤት ሰዎች ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ሲሉ በሲሚንቶ ያቆሙት ጉብታ ይጠብቀናል። ጉብታ የሚያቆም ሰው አሳቡ መልካም ነው፤ ልኩን ግን የሚለካው በልቡ ፍርሃት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አውቶሞቢል ሰው በጫነ ቁጥር ሞላው ይረግባል፣ ሆዱም ወደ መሬት ይቀርባል። ስለዚህ ባዶውን ያለፈበትን ጉብታ ለቅሶ ለመድረስ አምስት ሆነን በሄድን ጊዜ ሳይነካ አያልፍም። ያን ጊዜ ነጂው ቆሞ፣ «እባካችሁ ጥቂት ውረዱልኝ» ማለት ግድ ይሆንበታል። ወጣቱ እየሳቀ ይወርዳል። የንስሐ አባታችን ግን ካባቸውን ሰብስበው፣ በመስቀላቸው ተመርኩዘው ሲወርዱ ማየት እንዴት ያሳፍራል! እሳቸው ግን ደግ ስለ ሆኑ፣ «ከበቅሎም ዳገት ላይ ይወረዳል» ብለው አለፉት።

ከሥር የሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋቸው አንድ አይደለም። የፊቱ ፓራውልት ቢጫር መልክ ብቻ ይጎዳል። ኮፓው ቢሰነጠቅ ግን የሞተሩ ዘይት በጥቂት ደቂቃ ይፈስሳል፤ ቀዩ የዘይት መብራት በበራ ጊዜ ሞተሩን ወዲያው የማያጠፋ ሰው፣ ሞተሩ ተጣብቆ የብዙ ወር ደመወዝ ይበላበታል። በክረምት ደግሞ ጎርፉ ጉድጓዱንና ሜዳውን አንድ ስለሚያስመስለው፣ ውኃው ሞተሩ አየር ወደሚስብበት ከደረሰ ጉዳቱ ከዚህ አያንስም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የማርሚታው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ባለፈው ዓመት በሠፈራችን የውኃ ቧንቧ ለመቅበር መንገዱን በአግድም የቆፈሩ ሰዎች፣ ጉድጓዱን በደፈኑ ጊዜ ድንጋዩን ከፍ አድርገው ከምረውት ሄዱ። በዚያ ላይ ስናልፍ ከሥራችን የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ወርጄ ብመለከት የሚፈስስ ዘይት ስላልነበረ ጉዟችንን ቀጠልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ልጆቼ ራሳችንን አመመን አሉ፤ ታናሺቱም ያለ ጊዜዋ ታንቀላፋ ጀመር። ባለቤቴ ፊቷን አይታ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተችና አቁም አለችኝ። ልጆቹም በነፋስ ጥቂት ተቀምጠው ተሻላቸው። መካኒኩ በኋላ ሲያነሣው ቧንቧው ከወለሉ በታች ተቀድዶ ነበር። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ስለዚህ ከሥር ከተነካ በኋላ ድምፁ የጎረነነ አውቶሞቢል ልጆች ሳይጫኑበት ወደ ጋራዥ ይሂድ እላለሁ።

መካኒኩ ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ አስገብቶ ከፍ ሊያደርገው ወደደ። እኔ አልወደድሁትም፤ የተሠራበትን ልክ ያለፈ አውቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑ ይቀንሳል፣ መብራቱም የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ከኮፓው ሥር የብረት መከላከያ ማሠራት ይሻላል፤ እርሱም ራሱ ከክፍተቱ ጥቂት ይቀንሳል። ለጉብታ ደግሞ ፍሬኑን ከመውጣት በፊት መልቀቅ ይገባል፤ ፍሬን የያዘ አውቶሞቢል አፍንጫውን ይደፋልና። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ የኤሌክትሪክ የሚገዙ ወዳጆቼም ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ሥር እንደ ተነጠፈ ያስቡ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ አስነሥቶ ሆዱን ይይ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ «አላየሁትም ነበር» የሚል ገዢ ሲከራከር ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የገንዘብ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አውቶሞቢሉ ዘመድ መምረጥ መጀመሩ ነው። ቤታቸው ከአስፋልት ዳር የሆነውን ዘመዶቻችንን በየበዓሉ እንጠይቃለን፤ መንገዳቸው ድንጋያማ የሆነውን ግን «ክረምቱ ይውጣ» እንላለን። የባለቤቴ እናት በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል፣ ከአስፋልቱ 4 ኪሎ ሜትር ገባ ብለው ይኖራሉ። ጥርጊያው የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ቆፍሮ መካከሉን እንደ በሬ ሻኛ ያቆመው ስለ ሆነ፣ የእኛ አውቶሞቢል ሊገባበት አይችልም። በዓመት አራት ጊዜ እንሄድ የነበርነው አንድ ጊዜ ሆነ። እሳቸውም ምክንያቱን በሰሙ ጊዜ፣ «ታዲያ እኔ እወጣለሁ እንጂ፣ ልጄ» ብለው፣ በሰባ ዓመታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከአስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ጀመር።

እኔ ሸጠን ከፍ ያለ እንግዛ ብል፣ ባለቤቴ ልዩነቱ የልጆቹ የሁለት ዓመት የትምህርት ገንዘብ ነው አለች፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻ የተስማማነው አውቶሞቢሉን ከአስፋልቱ ዳር ካለች ሱቅ ደጃፍ ለዘበኛ አደራ ሰጥተን በፈረስ ጋሪ ለመግባት ነው። ልጆቹም ከአውቶሞቢሉ ይልቅ ጋሪውን ወደዱት። እማማ ግን ጋሪው ቤታቸው ድረስ እንደሚያመጣን እያወቁ፣ ዛሬም ከአስፋልቱ ዳር ወጥተው መጠበቃቸውን አልተዉም።