የተቃጠለው ኮይልና የተበደለው ሾፌር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ምሳሌ በልጅነታችን ተምረነዋል፤ ካደግንም በኋላ ለተማሪዎቻችን አስተምረነዋል። ይሁን እንጂ ምሳሌን በአፍ ማወቅና በሥራ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳነው በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ያገኘንን ለአንባቢዎች ለማካፈል ይህን ጻፍን።

በ2009 ዓ.ም. በመካነ ሰላም የምንኖር አራት መምህራን ገንዘባችንን አዋጥተን በቤንዚን የምትሠራ ፒክአፕ ገዛን። አሳባችን ከቦረና ገበያ እህል ወደ ደሴ፥ ከደሴም ሸቀጥ ወደ መካነ ሰላም እያመላለስን ለልጆች ማሳደጊያ የሚሆን ጥቂት ጥሪት ማግኘት ነበር። አንድ ጭምትና ታታሪ ወጣትም በሾፌርነት ቀጠርን። መንገዱ በአቀስታና በጉጉፍቱ በኩል የሚያልፍ፥ ዳገቱ ረጅም፥ ብርዱም አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው።

ጥቂት ወራት እንደ ሠራች መኪናዪቱ በለጋምቦ ዳገት ላይ ሳል እንደ ያዘው ሽማግሌ ተንተክትካ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስታርፍ ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። በመጨረሻው ፈጽማ እንቢ አለች። ኮይሏ ተቃጥሎ፥ በውስጡ ያለው ዘይት ፈልቶ፥ ቆርቆሮው አብጦ ነበር።

ኮይል፥ አንዳንድ መካኒኮች ቦቢና የሚሉት፥ በብረት ዙሪያ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ያሉበት ዕቃ ነው። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር፥ ሁለተኛው እንደ ጠጉር ቀጭን ሆኖ ብዙ ሺህ ዙር ይጠመጠማል። በወፍራሙ የሚያልፈው የባትሪ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ፥ 12 ቮልት የነበረው በቀጭኑ ውስጥ ወደ 20,000 ቮልት ከፍ ይልና በካንዴላው ጫፍ ብልጭ ብሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ይህን ሥርዓት ለአውቶሞቢል ያበጀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ሲሆን፥ በ1910 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው የካዲላክ መኪና ላይ ዋለ።

አዲስ ኮይል ገዝተን አስገባን። ከሁለት ወር በኋላ እርሱም ተቃጠለ። ምክንያቱን የሚነግረን አልጠፋም። አንዱ የደጋው ብርድ ነው አለ፤ ሌላው ዕቃው የውሸት ነው አለ፤ ሦስተኛው ግን «ሾፌራችሁ ሞተሩን አቁሞ፥ ቁልፉን ሳይዘጋ ሬዲዮ ይሰማል» ብሎ ሹክ አለን። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ እንደ ተከፈተ ቢቆይ ኮይል ሊቃጠል መቻሉ እውነት ነው። ጥቂት እውነት ያለበት ሐሜት ደግሞ ከፈጠራ ሐሜት ይልቅ ይታመናል። ወጣቱ «ጋሼ፥ ቁልፉን ሳልዘጋ ወርጄ አላውቅም» ብሎ ማለ። እኛ ግን የኮይሉን ዋጋ ከደመወዙ ቆረጥን፤ ሦስተኛው በተቃጠለ ጊዜም አሰናበትነው። በሻይ ቤቱ ጨዋታ ላይ «አቃጣዩ» የሚል ስም ያወጣንለትም እኛው ነን።

በምትኩ የቀጠርነው ሾፌር ዕድሜው የገፋ፥ ጥንቃቄውም የተመሰከረለት ሰው ነበረ። አራተኛው ኮይል በእርሱ እጅ ተቃጠለ። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን መተያየት አፈርን።

መኪናዪቱን አስጎትተን በደሴ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። የተቃጠለውን ኮይል ስንሰጣቸው ወደ ጎን አኖሩት። «መምህሮች፥ ይኼ ሟቹ ነው፤ ገዳዩን እንፈልግ። የመጀመሪያው ከመቃጠሉ በፊት መኪናዪቱን ማን ነካት?» አሉን። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። ስናስበው፥ ከጥቂት ሳምንት በፊት መንገድ ላይ ቆማ አንድ መካኒክ ሽቦ ቀጥሎ እንዳስነሣት ትዝ አለን።

ሽማግሌው መለኪያቸውን አውጥተው፥ ሊገጠም የነበረውን አዲሱን ኮይል ለኩ። የወፍራሙ ሽቦ ተቃውሞ 1.5 ኦም ነበር። «ይህ 12 ቮልትን ብቻውን የሚሸከም አይደለም፤ ጓደኛ ነበረው» አሉና አንድ ባዶ የቡሎን ቀዳዳ አሳዩን። ከነጭ ሸክላ የተሠራች፥ ጣት የምታህል ረዚስታንስ የነበረችበት ስፍራ ነው። እርሷ ስትሰበር ያ መካኒክ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል። እርሷም 1.5 ኦም ስለ ነበረች፥ ሁለቱ ተጋግዘው በሽቦው የሚያልፈውን በ4 አምፔር ይወስኑት ነበር፤ ብቻውን ሲቀር 8 አምፔር ሆነ። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፥ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮይሎቻችንን የፈጃቸው ይህ ሙቀት ነው። ፑንቲናውም በየጊዜው እየተቃጠለ ይነግረን ነበር፤ አልሰማነውም።

ረዚስታንሷ ተተካች፤ ዋጋዋም ከአንድ ኮይል ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። መኪናዪቱን በ2013 ዓ.ም. እስክንሸጣት ድረስ ሌላ ኮይል አልተቃጠለም።

ከደሴ እንደ ተመለስን ወጣቱን በገበያ ጆንያ ሲያወርድ አገኘነው። የቆረጥነውን ደመወዝ ሰጥተን ይቅርታ ጠየቅነው። ገንዘቡን በሁለት እጁ ተቀበለና፥ «ጋሼ፥ ገንዘቤን መለሳችሁልኝ፤ ስሜንስ?» አለን። መልስ አልነበረንም። በዚያው ሳምንት ስሙን ባጠፋንበት ሻይ ቤት ተገኝተን ነገሩን ከነሽቦው ተረክን። አንዳንዶቹ ሰሙን፤ አንዳንዶቹ ግን በዚያው ቅጽል መጥራታቸውን አልተዉም። እርሱም ወደ እኛ ሥራ አልተመለሰም።

በየመሥሪያ ቤታችን ፋይል ሲጠፋ ጸሐፊውን፥ ሒሳብ ሲጎድል ገንዘብ ያዡን መለወጥ ይቀናናል። አዲሱም ሰው በዚያው በተበላሸው ሽቦ ላይ ሲገጠም እንደ ቀዳሚው ይቃጠላል። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ቢበላሽ ዕድል ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ሁለተኛ በዚያው ዓይነት ሲበላሽ ግን፥ ሰውን ከመቅጣት በፊት «አስቀድሞ ምን ተነካ? ምንስ ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። እኛ ይህን ከሁለተኛው ኮይል በኋላ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፥ ሁለት ኮይል ይተርፍልን ነበር፤ አንድ ሰውም ስሙን ባላጣ ነበር።