ቋጠሮ ወይስ ስፌት?



ስለ ድሪቶ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን። ቃሉ ራሱ ስድብ ሆኗል፤ «ድሪቶ ለባሽ» ብሎ ሰው የሚያንቋሽሽ በየሰፈሩ አይጠፋም። እኛ ግን ያደግነው ድሪቶ ለብሰን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን የቀመሰ ያውቀዋል። ስምንት ሰው በአንድ ቤት ሲያድር ለሁሉም የሚዳረስ ጋቢ አልነበረም። የነበረው የእናታችን እጅ ነው።

እኛ ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። ብዕሩን የያዘችው አንዳችን ብትሆንም ጥፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ አብረን እንናገራለን። ሁለታችንም ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን እናስቀራለን።

የእናታችን ድሪቶ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ከአሮጌ ልብስ የተቆረጠ ጨርቅ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ የአባታችን ሽርጥ፣ የእኛ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የአክስታችን ቀሚስ ሁሉ አለበት። ከታች አቡጀዲ ይዘረጋል። በመካከል የተዳመጠና በደጋን የተነደፈ ጥጥ፣ ማለትም ባዘቶ፣ ሳይወፍርና ሳይሳሳ እኩል ይነጠፋል። ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ዳር ዳሩን ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ ሰው ሲገላበጥበት ጥጡ ተንሸራቶ ጥግ ይይዛል፣ መሐሉ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስፌት ነው፦ መርፌዋን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያመላለሱ ሦስቱንም ድርብ በመስመር በመስመር መውጋት። ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይኬዳል፤ ከዳር የጀመረ ሰው ሽብሽቡን ሁሉ መሐል ላይ ያከማቸዋል። ሁለተኛው ቋጠሮ ነው፦ ወፍራም ክር በአንድ ቦታ አሳልፎ፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ መልሶ፣ ሁለቱን ጫፍ ከላይ መቋጠርና መቁረጥ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ። ፍራሽ ሰፊዎች በጆንያ መርፌና በሲባጎ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ክሩ ጨርቁን በስቶ እንዳይገባ ቁራጭ ጨርቅ ከቋጠሮው ሥር ያደርጋሉ።

እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ሰፍታለች። መስመሯ አራት ጣት ከአራት ጣት ተራርቆ ጥጉ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከቤት ለሚወጣ ልጇ ሁሉ አንድ አንድ ድሪቶ ሰጥታለች። የቀረው የታናሽ ወንድማችን ነበር። የላዩን ጨርቅ ገጣጥማ ጨርሳ፣ ባዘቶውን አዘጋጅታ ሳለ ዓይኗ ከዳት። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱ የቀረውን ብርሃን ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንዳልሆነ ነገራት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ድሪቶውን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

የወንድማችን ኒካሕ ለሸዋል ተቆረጠ። እኛም እንጨርሰዋለን ብለን ሣጥኑን ከፈትን። ግን ጊዜው የፈተና ወቅት ነው፤ የሚታረመው ወረቀት ጠረጴዛውን ሞልቶታል። በስፌት ከሄድን ወራት ይፈጃል። አንዲት የሥራ ባልደረባችን በስንዝር በስንዝር እየቋጠረች በሁለት ቀን የጨረሰችውን አይተን ነበርና ቋጠሮን መረጥን። እናታችን ስትሰማ፣

«ቋጠሮ ለፍራሽ ነው ልጆቼ። ልጄን ፍራሽ አላለብሰውም» አለች።

ዝም አልን። እሷ ለዚያራ ወደ ዘመድ ቤት ሄዳ አንድ ሳምንት ስትቆይ ግን በስንዝር በስንዝር ቋጥረን ጨረስነው። ከስንዝር ይልቅ ከኋላዋ መሥራታችን እንደሚከብድ ያኔም ይሰማን ነበር፤ «ስታየው ትወደዋለች» ተባባልን። ዓይን የሌላት እናት ስታየው!

ለሠርግ ንጹሕ ይሁን ብለን አጠብነው። ከገመድ ላይ ስናወርደው በጨርቅ ውስጥ ድንች የያዝን መሰለን። ጥጡ በየቦታው ተጠቅልሎ ኳስ ኳስ ሆኗል፤ በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። እናታችን ተመልሳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ከጥግ እስከ ጥግ ሄደች። ከዚያም፣

«ጥጡን ማን ሰብስቦ ወሰደው?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ እኛ ግን ቁጣውን በመረጥን ነበር።

ኋላ የተረዳነው ይህን ነው። የባልደረባችን ድሪቶ ውስጥ የነበረው ከሱቅ የተገዛ ፋይበር ነው። እሱ በፋብሪካ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ስለሚወጣ በስንዝር ቢያዝም አይበተንም። በደጋን የተነደፈ ባዘቶ ግን ጭረቱ ሁሉ ልቅ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይያያዛል፣ የሚይዘው ካላገኘ ይሰበሰባል። እንግዲህ ጥፋቱ የቋጠሮ አልነበረም፤ የርቀቱ ነበር። ጥጥ በአራት ጣት ይያዛል፤ በስፌትም ይሁን በቋጠሮ።

ሁሉንም ፈታን። ጥጡን አውጥተን ፀሐይ ላይ በጣታችን አፍታታን፤ እንደገና በደጋን አስነደፍነው። ለኒካሑ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ያን ምሽት እናታችን አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማን ነበርና፣ «ክሩን አሳልፋችሁ ጫፉን ተዉልኝ» አለች። መርፌውን በጠመኔ ምልክቱ ላይ እያሳለፍን ሁለቱን የክር ጫፍ ብቅ አድርገን ተውንላት። ጣቷ ጫፎቹን አገኛቸው።

መጀመሪያ ያደረገችው የእኛን ቋጠሮ መመርመር ነበር። አንዱን ሳብ ስታደርገው ተንሸራቶ ተፈታ። እኛ ሁለት ጊዜ ቀኙን በግራ ላይ ስንቋጥር ኖረናል፤ እሱ የሚንሸራተት ቋጠሮ ነው። አንድ ጊዜ ቀኙን በግራ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኝ ላይ ማዞር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሲስቡት ይጠብቃል። ደግሞም እስኪጨማደድ አይሳብም፤ ጫፉም አንድ ጣት ያህል ይተርፋል፣ ካጠረ ሾልኮ ይወጣል። ክሩም ተራ የስፌት ክር ሳይሆን በእንዝርት የተፈተለ፣ ድርብ ሆኖ የተገመደ መሆን አለበት፤ ቀጭን ክር ጨርቁን ይቆርጠዋል። ዲግሪ ያለን ሁለት መምህራን ቋጠሮን ከሀ ጀምረን ተማርን።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ አሥራ አንድ ምሽት ፈጀብን። ከ450 በላይ ቋጠሮ ነው። ስትቋጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ለእያንዳንዱ አንድ «ሱብሐነላህ» ነበረው። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ፣

«እትዬ፣ መስፋት ተዉ እንዴ?» ብትላት፣

«መስፋት እሱ ተወኝ እንጂ» አለቻት ሳትቆም።

ስፌትን ማጣጣላችን እንዳይመስልባችሁ። በቤንጋል ያሉ ሴቶች ካንታ የሚሉትን ልብስ ሲሠሩ አሮጌ ሳሪ በሳሪ ላይ ደርበው ጥጥ ሳያስገቡ ጥቅጥቅ አድርገው ይሰፉታል፤ እንዲህ ላለው ስስ ልብስ ከስፌት የተሻለ የለም። ለሕፃንም ስፌት ይሻላል፤ ልጅ የቋጠሮ ጫፍ ካገኘ ጎትቶ ወደ አፉ ነው። ለአዋቂ የክረምት ልብስ ግን ቋጠሮ ይሞቃል ባዮች ነን። የሚያሞቀን ጥጡ በውስጡ ያሰረው አየር ነው፤ የስፌት መስመር ጥጡን በረጅሙ ይጫነዋል፣ ቋጠሮ በነጥብ ብቻ ይዞ ሌላውን ይተወዋል። እናታችን ይህን አልተቀበለችንም። «የተሰፋው አቅፎ ይይዛል» ትላለች እስከ ዛሬ።

በሠርጉ ዕለት ከሙሽራዋ ቤት ሁለት ኮምፈርት በፕላስቲክ እንደታሸገ መጣ። ድሪቶውን ከዚያ አጠገብ ማስቀመጥ አሳፈረን፤ እውነቱን እንናገር። ሙእሚኖችን ሲመሩ የነበሩት ዑመር (ረ.ዐ) ልብሳቸው በትከሻቸው መሐል የተደራረበ እራፊ እንደነበረበት አነስ (ረ.ዐ) ማየታቸውን ለልጆች ስናስተምር የኖርን እኛ ነን የምናፍረው። ወንድማችን መጥቶ ራሱ ተሸክሞት ሄደ።

ዘንድሮ ጥር ላይ እናታችን ቤቱ ሄዳ ስትሰነብት በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከጥግ እስከ ጥግ። ጥጡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁለት ቋጠሮ ግን ተፈትቶ አገኘች። «እነዚህ የእኔ አይደሉም» አለችና ክር እንዲያቀብሏት ጠየቀች።