ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በልጅነቴ የማውቀው ትልቅ ውሃ በክረምት የሚሞላውን የበሬሳን ወንዝ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከዳር ቆሜ። ዋና አልችልም። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ በ50 ዓመትህ በእንግሊዝ ባሕር ላይ የሸራ ጀልባ ገመድ ትጎትታለህ ያለኝ ቢኖር፣ ይህን ሰው ጠበል ውሰዱት እል ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። ለንደን ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጅ አለችኝ። ፋርማሲ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ምሽት ስልክ ደወለችና «አባዬ፣ ትምህርቱን ትቼዋለሁ። ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ጀልባ የሚጠገንበት ቦታ ሥራ ይዣለሁ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። የዕድር ወዳጆቼ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ግን «ትምህርት ላይ ናት» እያልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ለ50ኛ ዓመት ልደቴ በላከችልኝ ፖስታ ውስጥ የተገኘው፣ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የ5 ቀን የጀልባ ትምህርት መግቢያ ወረቀት ነበር። ለዚህም «እሺ» አልኩ።

መቼም እኛ ለ«እሺ» ያልሰጠነው ሥራ የለም። ገባኝ ማለት ነው። አልገባኝም፣ ግን ተወኝ ማለትም ነው። ነገ ማለትም ነው። አንዳንዴም በጭራሽ አላደርገውም ማለት ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በእኛ ክረምት በእነሱ በጋ፣ 11 ሜትር ያህል በምትረዝም ጀልባ ተሳፈርን። ተማሪዎቹ አራት ነን። ካፒቴናችን ከልጄ እምብዛም የማትበልጥ ወጣት ሴት ናት። በስሜ ብቻ ስትጠራኝ ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

በመጀመሪያው ቀን የተማርነው ስለ ነፋስ ነው። የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ነፋሱን በ45 ዲግሪ ገደማ በጎን ይዞ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ልክ የጣርማ በርን ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሸራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ያን ጊዜ አንዱ ሰው የቀድሞውን ጎን ገመድ ይለቃል፣ ሌላው የአዲሱን ጎን ይስባል። ገመዱ የሚጠመጠመው ዊንች በሚባል የብረት ከበሮ ላይ ነው። ከበሮው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ገመዱ በዚያው አቅጣጫ ሦስት ዙር ከተጠመጠመ፣ የሸራውን ጉልበት ዊንቹ ይሸከመዋል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ግን ከበሮው እንደ እንዝርት ይሾራል።

ካፒቴኗ ይህን ሁሉ አስረድታ «ገባህ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ቃል ነፋሱ ወስዶታል። እንዳልጠይቃት ደግሞ ልጄ በምታህል ሴት ፊት አፈርኩ። «እሺ» አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ዋይት ደሴትን ከእንግሊዝ ምድር በሚለየው በሶለንት ወሽመጥ ላይ ሳለን ነፋሱ በረታ። ካፒቴኗ «ለመዞር ተዘጋጁ!» ስትል እያንዳንዱ ሰው ገመዱን አሰናድቶ «ዝግጁ!» ብሎ መመለስ አለበት። መልሱን ሳትሰማ መሪውን አታዞርም። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ጮህኩ። ጀልባዋ ዞረች፣ ሸራው ነፋሱን ጎረሰና ከበሮው ሾረ፤ ገመዱ በእጄ ውስጥ እንደ እባብ ሮጠ። ጣቶቼ ከብረቱ ሊደርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ለቀቅኩት። የመዳፌ ቆዳ ግን ገመዱ ላይ ቀረ። ለካ በተቃራኒው ነበር የጠመጠምኩት!

አልተቆጣችም። መዳፌን በፋሻ እየጠቀለለች «አልገባኝም ብትለኝ አሥር ጊዜ አሳይህ ነበር» አለችኝ። «ዝግጁ ካልከኝ ግን ቃልህን አምኜ አምስት ሰው የተሳፈረባትን ጀልባ አዞራለሁ።»

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ስለ ራስ ጥምጥም ነበር። ለገመድም እንደሚሠራ መዳፌ ምስክር ነው።

ከዚያ ወዲያ የታዘዝኩትን ሁሉ ከመሥራቴ በፊት ጮክ ብዬ እደግመው ጀመር። «የግራውን ገመድ፣ ሦስት ዙር፣ በሰዓት አዟዟር!» ማንም አልሳቀብኝም።

በአራተኛው ቀን ሰው ባሕር ውስጥ ቢወድቅ የሚደረገውን ተለማመድን። ባልዲ የታሰረበት የፕላስቲክ ኳስ ወደ ውሃው ተወረወረ። የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ክንዴን ዘርግቼ ኳሱን ማመልከትና ዓይኔን ከእሱ አለመንቀል። የሸራ ጀልባ እንደ መኪና ፍሬን ተይዞ አይቆምም። ዞሮ እስኪመለስ ይርቃል፤ ከማዕበሉ መካከል የሚታየው ደግሞ የሰው ራስ የምታህል ነጥብ ብቻ ናት። ለአንድ አፍታ የፈታብኝን ፋሻ አየሁ። ቀና ስል ኳሱ የለም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሌላው ተማሪ አገኘው። ልምምድ ስለነበረ ማንም አልሞተም። ያን ሌሊት ግን ጠባቧ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳስብ ያደርኩት ስለ ኳሱ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ወደብ ስንገባ ልጄ ቀለም የነካው የሥራ ልብስ ለብሳ ቆማለች። የወረወርኩላትን ገመድ ቀልባ፣ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው በፈጠነ እጅ አሰረችው። እጇን እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ እጅህ ምን ሆነ?»

«ያልገባኝን ገባኝ ብዬ ነው» አልኳት። ሻይ ይዘን ስንቀመጥም «ያን ማታ በስልክ የነገርሽኝን እንደገና ንገሪኝ። ያኔ እሺ ያልኩሽ ሳይገባኝ ነው» አልኳት።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። እንደ ጀልባው ትእዛዝ እያንዳንዱን እየደገምኩ ሰማኋት። ሁሉም አልተዋጠልኝም። አንዳንዱ ቦታ ላይ «አልገባኝም» አልኳት፤ ደገመችልኝ። ሻያችን ቀዘቀዘ።

በቀጣዩ እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ወዳጄ እንደ ልማዱ «ልጅህስ፣ ትምህርቷን ጨረሰች?» አለኝ።

«ትምህርቱን ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው። ጀልባ ትጠግናለች» አልኩት።

ትንሽ ትክ ብሎ አየኝና፣ «እሺ» አለኝ።