ስለ ጋምቤላ ሙቀትና ስለ ሯጮቻችን ሕክምና

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ይመስለዋል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጉምና በዝናብ ውስጥ የተቀመጠች ናት። ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ዝቅታ ላይ የባሮን ወንዝ ተደግፋ ትገኛለች። ቁልቁለቱ ሲጀመር በመጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ኮቱ ይወልቃል፤ ሜዳው ላይ ሲደረስ ደግሞ የሚወልቅ ነገር ይጠፋል። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ስለሚጠጋ ደገኛው መንገደኛ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ እንኳ ልቡ ከወትሮው ፈጥኖ ሲመታ ይሰማዋል። ይህም የሚሆነው ሰውነት ትኩሳቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚልክና ልብም የሁለት ሥራ ሸክም ስለሚወድቅበት ነው። ተቀምጦ ላለው ሰው እንዲህ ከሆነ ለሚሮጠው ምን ያህል ይሆን?

የከተማይቱን ታሪክ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ስለ ሱዳን ወሰን በተዋዋሉ ጊዜ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀዱ። ከዚያ ወዲያ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡናችንን ጭነው ይመለሱ ነበር፤ በጋ ሲሆንና ውኃው ሲጎድል ግን መንገዱ ይዘጋ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ አገሩ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ ነው። ጋምቤላ በወርና በወቅት ተቈጥሮ የሚሠራበት ቦታ እንደ ነበረ ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ የምንናገረው ነገርም በወርና በቀን የሚቈጠር ነው።

ነገሩ የሩጫ ከሆነ ለምን ወደ ቆላ ወረደ የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የሩጫ ዝናችን ሁሉ የደጋ ልጅ ነው። ቦቆጂ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ በአሰላ ነው፤ እንጦጦና ሱሉልታም የታወቁ ናቸው። ሜክሲኮ ከተማ የ1968 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) ኦሊምፒክ እንዲደረግባት በተመረጠች ጊዜ ከተማይቱ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ባለጸጎቹ መንግሥታት እጅግ ተጨነቁ። ሐኪሞቻቸውንም ወደ ተራራ ልከው ስለ ሥሥ አየር ብዙ ገንዘብ አውጥተው አስጠኑ። ማሞ ወልዴ ግን ኖሮበት ያደገውን አየር ይዞ ሄደና ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማራቶኑን አሸነፈ። እነርሱ በገንዘብ የፈለጉትን እኛ በነጻ ስላገኘነው መጠናት ያለበት ነገር ሳይመስለን ቀረ።

በዚያው ቀን ግን አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ምክንያት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ውድድሩን ትቶ ወጣ። ይኸው አበበ ከአራት ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ አሸንፎ ዓለምን አስደንቆ ነበር። በአንዱ የሐኪም እጅ ቀናው፤ በሌላው ጊዜ አጥንቱ ቀደመው። ብዙ ሰው ቶኪዮን ያስታውሳል፤ ሜክሲኮን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ለሕክምናው የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሜክሲኮ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ የሯጮቻችንን ነገር የመረመሩት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጡ ሊቃውንት ናቸው። አሜሪካዊቷ ሊቅ ሲንቲያ ቢል ከ3500 ሜትር በላይ በሰሜን ተራሮች የሚኖሩትን ሰዎች መርምራ ደማቸው እንደ ሌሎች ተራራማ አገሮች ሰዎች ሳይወፍር አየሩን በበቂ እንደሚሸከም በ1995 ዓ.ም. አስታወቀች። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የአገራችን ባለሙያዎች እየረዱዋቸው 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠየቁ። ከማራቶን ሯጮች ከመቶ 73 የሚሆኑት የአርሲና የሸዋ ተወላጆች መሆናቸውን፣ አብዛኞቹም በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ እንደ ነበር ጻፉ። በእናት በኩል የሚወረሰውን የዘር ምልክት ሲመረምሩም ሯጮቹ ከቀረው ሕዝብ ተለይተው የቆሙ አንድ ወገን ሆነው አልተገኙም። ሁለቱም ጥናቶች የተመሩት ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ገንዘቡን የሚሰጥ ጥያቄውንም ይመርጣልና የተጠየቀው ሁሉ ሯጩ እንዴት ፈጣን ሆነ የሚል ነበር፤ ሯጩ እንዴት እንዳይታመም ይደረግ የሚለው ጥያቄ የእኛው የራሳችን ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመለስ። መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. በዶሃ ከተማ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ ሲባል በእኩለ ሌሊት ተጀመረ። ሙቀቱ ግን በሌሊትም ከ32 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩም እርጥበት ከመቶ 70 በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም የኢትዮጵያ ልጆች አቋረጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ አየሩ ቀለል ባለበት ሌሊት ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ነገር ግን ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀት ተፈርቶ ወደ ሳፖሮ በተዛወረ ጊዜ ሌሊሳ፣ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ ሦስቱም ሳይጨርሱ ቀሩ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ምክንያት ይኖረዋልና ሁሉን በሙቀት ማሳበብ አይገባም። ቢሆንም የወደ ፊቱ ውድድር በሞቃት ከተማና በሞቃት ወር እየበዛ መሄዱን ማንም ያያል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮናም ማራቶኑ ሙቀትን በመፍራት ከተቀጠረለት ሰዓት ቀድሞ እንዲነሣ ተደርጓል።

ኳታር በሩጫ ስሟ እንደ እኛ የገነነ አይደለም፤ ነገር ግን አስፔታር የሚባል የስፖርት ሐኪም ቤት አላት። በዶሃው ውድድር ጊዜ የዚያ ቤት ሊቃውንት ፈቃደኛ የሆኑትን ሯጮች እንደ ኪኒን የሚዋጥ የሙቀት መለኪያ እያስዋጡ በሆድ ዕቃቸው ያለውን ትኩሳት ይለኩ ነበር። ሯጭ ያለን እኛ ነን፤ መለኪያው ያለው በሌላ እጅ ነው።

የሰው አካል ሙቀትን ይለምዳል። በሙቀት ውስጥ በየቀኑ በልክ የሚሠለጥን ሰው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ የደሙ ውኃማ ክፍል ይበዛለታል፤ ላቡ ቀድሞ ይመጣል፤ በላቡ የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል፤ ልቡም ይረጋጋል። ይህ እየታወቀ በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በቤጂንግ ሻምፒዮና ከተጠየቁት 307 አትሌቶች አስቀድመው በሙቀት የተለማመዱት ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። እኛ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ ከውጭ አገር መከራየት አያስፈልገንም። ባሮ ዳር አለ።

ነገር ግን ሯጮችን በመኪና ጭኖ ማውረድ ጥናት አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ሚዛን። ሯጩ ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው። ሁለተኛ የአየሩን መለኪያ ማቆም ነው። አንዱ መለኪያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ሁለተኛው በጥቁር ሉል ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሦስተኛው በጥላ ይሰቀላል። ከሦስቱ ድምር ውስጥ ከመቶ 70 እጁ የእርጥቡ ጨርቅ ነው። ይህም ላብ በእርጥብ አየር ስለማይደርቅና ያልደረቀ ላብ ደግሞ ሰውነትን ስለማያቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ በመጋቢት የጋምቤላ ደረቅ ትኩሳትና በሐምሌ ያለው የባሮ ወበቅ ለሯጩ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው፤ የትኛው ለየትኛው ውድድር እንደሚስማማ በልኬት እንጂ በግምት አይታወቅም። ሦስተኛው ትልቅ ገንዳና በረዶ ነው። ሙቀት የመታውን ሯጭ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማቀዝቀዝ ከሁሉ ይቀድማል፤ ወደ ሐኪም ቤት መውሰዱ ከዚያ በኋላ ነው። በረዶው እንዳይጠፋ መብራቱ እንዳይጠፋ ያስፈልጋልና ከወጪው ብዙው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በጋምቤላ ወባ አለ። ከሩጫ በኋላ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ወጣት ሙቀት መትቶት ይሁን ወባ ይዞት ይሁን በመልኩ አይለይም፤ ደሙን ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ የስፖርት ሐኪም ያለ ወባ መርማሪ እዚያ ቢሄድ ሯጩን ለአደጋ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ደግሞም በቆላ ብዙ መሰንበት በደጋ የተገኘውን የደም ብርታት ቀስ በቀስ ያጎድላልና ቀኑ ሊበዛ አይገባም። ጎሬ እያደሩ በየቀኑ መውረድ ይቻላል ቢባል የመንገዱ ድካም ብቻውን ሌላ ማራቶን ነው።

አንዳንድ ብልህ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ለምን፤ በፍልውኃ ይበቃል ሊል ይችላል። አባባሉም ቀልድ አይደለም። በዌልስ የተደረገ ጥናት ሰዎች ሮጠው ሲጨርሱ 40 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ እስከ 40 ደቂቃ ቢቀመጡና ይህን ስድስት ቀን ቢደጋግሙ ሙቀት እንደሚለምዱ አሳይቷል። እንግዲህ ለደጋ ሯጭ የሚሻለው በአዲስ አበባ ስድስት ቀን የሞቀ ውኃ ነው ወይስ በባሮ ዳር ሁለት ሳምንት? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሃያ ሯጭ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ወባ መርማሪ፣ ሚዛንና መዝገብ ይዞ አንድ በጋ የሠራ ሰው ነው። ጥያቄው ከእኛ በቀር ለማንም አንገብጋቢ ስላልሆነ ሌላ አገር ገንዘብ ያወጣለታል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ገንዘብ ሲባል መጠኑን ከፍ አድርጎ መገመት ልማድ ነው። ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለማስሮጥ የተነሣው የሊቁ ያኒስ ፒትሲላዲስ እቅድ 30 ሚሊዮን ዶላር ይፈልግ ነበር። ቀነኒሳ በቀለም በ2009 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ሲያሸንፍ በመጠጡ በኩል ከዚያ እቅድ ተረድቶ ነበር፤ የታሰበው ገንዘብ ግን ሳይገኝ ቀረ። ለጋምቤላው ሥራ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያሻም። ባለ ድል በተመለሰ ጊዜ መኪናና መሬት መሸለም መልካም ልማዳችን ነው፤ ሽልማቱ የሚደርሰው ግን ለጨረሰው ነው። በመንገድ ላይ ለወደቀው ምን ተዘጋጅቷል? ከአንድ ኦሊምፒክ ሽልማት ጥቂት እጅ ተቀንሶ አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢሰጥ የሚቀየም ሯጭ ያለ አይመስለንም።

መዝገቡም የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይወሰን። የሯጭ ደምና ላብ ተለክቶ ጽሑፉ ወደ ሩቅ አገር ከሄደ ልጆቻችን ስለ ራሳቸው አካል በባዕድ ቋንቋ መማራቸው አይቀርም። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ስላላት የጥናቱ ቤት ከዚያው ጋራ ቢያያዝ የአገሩ ወጣቶች መለካትን ይማራሉ። በማለዳ በባሮ ዳር የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው ወዲያው ስለ ቁመታቸው ማውራት ይጀምራል፤ ቁመት ብቻውን ግን ዘላይ ወይም ወርዋሪ አያደርግም፤ የሚያደርገው አሠልጣኝ፣ ምግብና መም ነው። እነርሱ ሙቀቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱ ስለ ሆኑ ለደገኛው ሯጭ መመዘኛ ሆነው ብቻ ሳይሆን ራሳቸው ተወዳዳሪ ሆነው ሊለኩ ይገባል።

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ስለ ሆነ ለእናቶችም የሚጠቅመውን እንናገር። በሯጩ ላይ የሚገኘው እውቀት በእርሻ ለሚውለው አባት፣ ውኃ ለምትቀዳው ነፍሰ ጡርና በቀትር ከትምህርት ቤት ለሚመለሰው ልጅ ይሆናል። በቆላ የሚኖር ልጅ ላቡ ቆሞ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ከተፍገመገመ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን አውልቆ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ነው፤ ንቃቱ ከጎደለ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ እየቀዘቀዘ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ወባም ይመርመር።

ስለ ጊዜው አንድ ቃል ቀርቶናል። የተለመደ ሙቀት ካልታደሰ በየቀኑ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል እየጎደለ ይሄዳል። ስለዚህ ቡድኑ ከጋምቤላ የሚነሣበት ቀን የሚቈጠረው ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ደጋ ተመልሶ አንድ ወር የሰነበተ ሯጭ በባሮ ዳር ካገኘው አብዛኛውን አጥቶ ይነሣል። የጉዞው ፈቃድ፣ የአውሮፕላኑ ቲኬትና የሐኪሙ አበል በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘገዩበትን ቀን ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አግብቶ መቁጠር ያስፈልጋል።